አላረመኝም

በየሰዓቱ እጠይቃለሁ፤ ሥራዬ ነው፦
«ስምዎት ማን ነው?»
በየሰዓቱ ይመልሳል፦ «ወንድይራድ።
ደግሞም ‹ስምዎ› በዪ፣ ልጄ፤
ያቺ ‹ት› መጨረሻው ላይ ምን ትሠራለች?
ሥራ ፈት ፊደል አትሰብስቢ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት በልደታ ፍርድ ቤት ደጅ፣
በሸራ ጥላ ሥር፣ በአንድ የጽሕፈት መኪና
የሰው አቤቱታ ሲመታ የኖረ ጣት፤
«አመልካች» ሊል አጎንብሶ
ሦስተኛው ፊደል ላይ መብረቅ ወደቀበት።
ከሰማይ አይደለም፤ ከገዛ ጭንቅላቱ።
ወረቀቱ ላይ «አመል» ብቻ ቀረ።

ሐኪሞቹ ከፈቱ፤ ያበጠችውን የደም ሥር
አንገቷን በብረት ቆንጣጭ ይዘው ዘጉ።
ቤተሰቡ ኮሪደሩ ላይ እልል አለ።
እኔ አላልኩም።
የመጀመሪያው ሌባ በር ሰብሮ ይገባል፣ ሰፈር ይሰማዋል፤
ሁለተኛው ግን ጫማውን በእጁ ይዞ
ከአራተኛው ቀን እስከ አሥራ አራተኛው
በመረጠው ሌሊት ይመጣል።
የፈሰሰው ደም ሲያድር ይመርዛል፤
የተረፉት ሥሮች ሲነካቸው ይሸማቀቃሉ፣
በፈረቃ እንደሚመጣ የቧንቧ ውሃ ይቀጥናሉ፣
ላይኛው ቤት ያለው ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቃል።

ኪኒኑ በየአራት ሰዓቱ ነው።
ልጁ አዜብ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ
በየመድኃኒት ቤቱ ስትለምን ውላ
ግማሽ እሽግ በጉያዋ ይዛ መጣች፣
ከዝናቡ ደብቃ፣ እንደ ጫጩት።

ሌሊት ሰባት ሰዓት፦ «የት ነን?»
«ጥቁር አንበሳ። አንበሳው ግን ዝም ብሏል፤
የሚያገሳው ይሄ ጎረቤቴ ነው፤ ገልብጪልኝ።»
ስምንት ሰዓት፦ «ወሩ ማን ነው?»
«ጳጉሜን፤ ደመወዝ የሌላት ምስኪን።
‹ማን› ለሰው ነው፤ ለወር ‹ምን› በዪ።»
ውጭ ዝናቡ ቸርችልን ወርዶ ወደ ለገሃር ይሮጣል።

ዘጠኝ ሰዓት። የእጅ ባትሪዬን አበራሁ፤
ብሌኖቹ እኩል ናቸው፤ ጠበቡ።
«ስምዎት ማን ነው?»
«ወንድይራድ።»
ጠበቅኩ።
«የት ነን?» «ጥቁር አንበሳ።»
«ወሩስ ማን ነው?» «ጳጉሜን።»
ጠበቅኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ።
ቅጹ አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት አለ፣ ሙሉ ነጥብ፤
ትንፋሹ ደህና፣ ሙቀቱ ደህና።
ሁለት ስሕተት ፊቱ አስቀምጬ
ሁለቱም ሳይነኩ አደሩ።

ዶክተር ኢፍቱን ቀሰቀስኳት፤
ወንበር ላይ በካፖርቷ የተኮራመተች፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልተኛች።
«ምን ተለወጠ?»
«አላረመኝም።»
«ምን?»
«‹ት› ጨምሬ ጠየቅኩት፤ አላረመኝም።»
አየችኝ። ልትቆጣ ነበር፤
ከዚያ ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር።

«ሁለት እጅዎን ይዘርጉ፣ መዳፍ ወደ ላይ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»
ዘረጋ። ቆጠርን።
እስከ ሰባት ሁለቱም እኩል፤
ስምንት ላይ የቀኝ መዳፉ
ወደ ውስጥ ዞረ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣
ሰው የያዘውን ሳንቲም ሳያውቅ እንደሚደፋ፤
ወረደም።

ሊፍቱ ቆሟል። አልጋውን ገፋን፤
አንደኛው ጎማ እስከ ራጅ ክፍሉ እየጮኸ።
«ገና አልሞተም» አለች ጣቷን ምስሉ ላይ አድርጋ፣
«ተጠምቶ ነው።»
ግፊቱን በመድኃኒት ሆን ብለን ከፍ አደረግነው፣
ውሃው ላይኛው ቤት እንዲደርስ።

ቅጹ ላይ ምን ልጻፍ? ለዝምታ ሳጥን የለውም።
ዳር ላይ፣ በጠባቡ ነጭ ቦታ፦
«9 ሰዓት። አላረመም።»

መስከረም ሁለት። ቃል ከወጣው አራት ቀን ሆነ።
በጊዜ ደረስን ወይስ ዘገየን፣ የሚነግረኝ የለም።
አዜብ እግሩን ታሻለች።
እኔ ሰዓቴን አይቼ አጎነበስኩ፦
«ስምዎት ማን ነው?»
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ስሙን አላለም።
የግራ እጁ ጣት ብርድ ልብሱን አንዴ መታ፣
ሊሰርዝ እንደፈለገ ወደ ኋላ ተመለሰ፤
«ት» አለ።